ፎስፌትን በልክ መያዝ፦ የብረት ማጣሪያ ለኮራል ገንዳ

የባሕር ውኃ ገንዳ ውስጥ ኮራል የሚያሳድግ ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚገዛው ቡናማ ቅንጣት፣ የካፋ ገበሬ ያለ ዋጋ ያገኘውና ሊገላገለው ያልቻለው ነገር ነው። በካፋዋ ቢታ ገነትና በአካባቢው ያለው ቀይ አፈር ቀለሙን ያገኘው ከብረት ኦክሳይድ ነው። ለረጅም ዘመን የወረደው ከባድ ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦ ሲወስደው ብረቱና አሉሚኒየሙ ቀርተዋል፤ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ፎስፌት ካገኙ በቀላሉ አይለቁም። ገበሬው ዳፕ ወይም ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ሲበትን ሰብሉ በመጀመሪያው ዓመት የሚያገኘው የፎስፈረሱን ጥቂት ክፍል ነው፤ በተለምዶ የሚጠቀሰው ከ10 እስከ 25 በመቶ ነው። የቀረውን አፈሩ ይይዘዋል። በእንስሳት መደብር በፕላስቲክ ዕቃ ታሽጎ የሚሸጠው የፎስፌት ማጣሪያም ይኸው ብረት ነው። በአንዳንዶቹ ምርቶች ውስጥ ያለው ማዕድን ጎታይት ይባላል፤ የሞቃት አገሮችን አፈር ቢጫና ቡናማ የሚያደርገው ያው ማዕድን ነው።

ይህን ዝምድና ማንሣቴ ለጨዋታ ማሳመሪያ አይደለም። ስለ ኮራል ገንዳ የሚሰጠው ምክር በአብዛኛው ማጣሪያውን እንደ መድኃኒት ያቀርበዋል፦ ፎስፌት ከፍ ካለ ቅንጣቱን ጨምር፣ ይወርዳል። አዎ፣ ይወርዳል። የካፋ ቀይ አፈር የሚያሳየን ግን ብረት ፎስፌትን ሲይዝ ለሰብሉ ስንት ይቅርለት ብሎ እንደማያስብ ነው። ያገኘውን ይይዛል፣ ሲጠግብም አይናገርም፣ ሁኔታው ሲለወጥበት ደግሞ የያዘውን ይለቃል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው መመሪያ በአንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፦ ማጣሪያው የሥራው መጀመሪያ ሳይሆን መጨረሻ ነው፤ ከገባም በትንሹና እየተለካ መግባት አለበት። ገንዳው ያለው አዲስ አበባም ይሁን ዋሽንግተን ቅደም ተከተሉ አይለወጥም።

በመጀመሪያ የሚወሰነው ወዴት መድረስ እንደሚፈለግ ነው። በተፈጥሮ ሪፍ ላይ ያለው የባሕር ውኃ በሊትር 0.01 ሚሊግራም አካባቢ ፎስፌት አለው፤ ከዚህ ተነሥቶ ገንዳውንም እዚያ ማውረድ ተገቢ ይመስላል። ከፍ ያለ ፎስፌት እንደሚጎዳም ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1979 ኪንሲና ዴቪስ የተባሉ ተመራማሪዎች በአውስትራሊያ ታላቁ ባሪየር ሪፍ፣ ዋን ትሪ በተባለች ደሴት ላይ አንድን የሪፍ ክፍል ለወራት ናይትሮጅንና ፎስፌት ሲመግቡት የኖራ አጽም ግንባታው ከግማሽ በላይ እንደቀነሰ አሳተሙ፤ ዋናውን ጥፋትም በፎስፌቱ ላይ ጣሉት። ፎስፌት በመገንባት ላይ ባለው የካልሲየም ካርቦኔት ገጽ ላይ እየተለጠፈ ዕድገቱን ያደናቅፋልና። ነገር ግን ማነሱም እንደሚጎዳ ታይቷል። የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት ናይትሬት እያለ ፎስፌት ሲጠፋ በኮራሉ ሥጋ ውስጥ የሚኖሩት አልጌዎች እንደሚራቡ፣ ኮራሉም ሙቀትና ብርሃን ሲበረቱበት ቶሎ እንደሚነጣ አመለከተ። የተፈጥሮው ሪፍ በ0.01 የሚኖረው ውኃው ያለማቋረጥ ስለሚታደስለትና ጥቃቅን እንስሳትን ይዞ ስለሚመጣለት ነው፤ 200 ሊትር መስታወት ውስጥ ያለ ኮራል ይህ ሲሳይ የለውም። ስለዚህ ለቤት ገንዳ የምመክረው በሊትር ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም ያለውን ክልል ነው። መለኪያው 0.08 ካሳየ፣ ኮራሉ ቀለሙን ካልጣለና መስታወቱን በሳምንት ሁለቴ መጥረግ የሚበቃዎ ከሆነ ምንም ማጣሪያ አይግዙ፤ ይህን ጽሑፍም እዚህ ላይ ሊያቆሙት ይችላሉ።

ልኬቱ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ የሚከተለው ሁሉ በእሱ ላይ ነው የሚቆመው። ቀለምን ከካርድ ጋር እያስተያዩ የሚነበበው ርካሽ ኪት ለዚህ ሥራ አይበቃም፤ 0.03ንና 0.1ን በዓይን መለየት ከባድ ነው። ሃና የተባለው ኩባንያ የሚሠራት በእጅ የምትያዝ ዲጂታል መለኪያ በገንዳ ባለቤቶች ዘንድ የተለመደች ናት፤ ነገር ግን ከአንድ ዓይነት በላይ ስላላት ሳጥኑን አንብበው ይግዙ። አንዷ ፎስፌትን በሚሊግራም ታሳያለች፤ ሌላዋ የምታሳየው ፎስፈረስን፣ ያውም በቢሊዮን ክፍል ነው። ሁለተኛዋ 50 ብላ ከቆመች ቁጥሩን በ3.07 አባዝተው ለ1000 ያካፍሉት፤ 0.15 ሚሊግራም ፎስፌት ማለት ነው። 50ውን 0.05 ብሎ ያነበበ ሰው ገንዳዬ ደኅና ነው ብሎ ይተኛል። ብልቃጧን በሚመረመረው ውኃ ሁለት ጊዜ ያለቅልቁ፤ ውጭዋን በለስላሳ ጨርቅ ጠርገው በክዳኗ በኩል ብቻ ይያዟት፤ የጣት አሻራና በመስታወቱ ላይ የተጣበቀች አረፋ ብርሃኑን እየከለከሉ ቁጥሩን ያዛባሉና። የዱቄቷን ከረጢት እስከ መጨረሻዋ ቅንጣት ያራግፉ። ዓሦቹን ከመመገብዎ በፊት፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ይለኩና ሦስቱንም ይጻፉ። መለኪያዋ ራሷ የ0.02 ያህል ስሕተት ስላላት ትናንት 0.09፣ ዛሬ 0.11 ብትል ፎስፌቱ ጨምሯል ማለት አይደለም። በአንድ ልኬት ተነሥቶ ወደ መደብር መሮጥ ከማጣሪያው ዋጋ የበለጠ ሊያስከፍል ይችላል።

አንዳንዴ መለኪያዋ ዜሮ እያለች ድንጋዩ በአረንጓዴ አልጌ ይሸፈናል። ይህ መለኪያዋ ተበላሸች ለማለት አያስደፍርም። የምትለካው በውኃው ውስጥ የሟሟውንና ነፃ የሆነውን ፎስፌት ብቻ ነው፤ አልጌው ጠጥቶ ሥጋው ያደረገውን፣ በምግብ ፍርፋሪና በኩስ ውስጥ የታሰረውን አታይም። እንዲህ ባለ ገንዳ ውስጥ የብረት ማጣሪያ ማስገባት አይጠቅምም፤ ብረቱም የሚይዘው በዋናነት መለኪያዋ የምታየውን ያንኑ ነፃውን ነውና። እዚህ የሚሻለው አልጌውን በእጅ ነቅሎ ማውጣት ነው፤ አልጌው ሲወጣ የበላውን ፎስፌት ይዞ ይወጣል።

ቁጥሩ በእርግጥም ከፍ ካለ፣ ለምሳሌ 0.25 ላይ ከቆመ፣ ቀጣዩ ሥራ ከየት እንደመጣ ማወቅ ነው። ከሁሉ በፊት የሚጠረጠረው ምግቡ ነው። የደረቀ የዓሣ ምግብ ከክብደቱ አንድ በመቶ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ፎስፈረስ ነው። አንድ ግራም ምግብ በትንሹ 10 ሚሊግራም ፎስፈረስ አለው ብንል፣ ወደ ፎስፌት ሲመለስ 31 ሚሊግራም ገደማ ይሆናል፤ ይህ በ200 ሊትር ሲካፈል በሊትር 0.15 ሚሊግራም ነው። አንድ ቁንጥር ምግብ፣ በአንድ ቀን! በእርግጥ ከዚህ ውስጥ የተወሰነው የዓሣ አጥንትና ሥጋ ይሆናል፣ የተወሰነውን ስኪመሩ (ቆሻሻን በአየር አረፋ እየሰበሰበ የሚያስወግደው መሣሪያ) ያወጣዋል፣ አልጌና ባክቴሪያም ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ሆኖም ስሌቱ አንድ ነገር ያሳያል፤ በየቀኑ የሚገባውን ሳይነኩ የሚወጣውን ብቻ ለማሳደግ መሞከር ማጣሪያ ሲገዙ መኖር ነው። የሚሰጡትን ምግብ በወጥ ቤት ሚዛን ላይ አንድ ጊዜ ይመዝኑት፤ በእጅ ቆንጥሮ የሚሰጥ ሰው ምን ያህል እንደሚሰጥ አያውቅም። ዓሦቹ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከሚጨርሱት የተረፈውን ይቀንሱ። በበረዶ የተያዘ ምግብ በወንፊት ታጥቦ ይሰጥ የሚለው ምክር መጥፎ አይደለም፣ ግን ብዙ አይጠበቅበት፤ አብዛኛው ፎስፈረስ ያለው በሚፈሰው ውኃ ውስጥ ሳይሆን በምግቡ ሥጋ ውስጥ ነው። ዓሣ እስኪከሳ ድረስ ምግብ መቀነስም መፍትሔ አይሆንም፤ ዓሣ ከበዛ ቁጥሩን መቀነስ ይሻላል።

ሁለተኛው የሚጠረጠር ጨው የሚሟሟበት ውኃ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት ዋሽንግተን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የከተማዋን ውኃ የሚያጣራው ተቋም እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ኦርቶፎስፌት ይጨምርበታል፤ ዓላማው በአሮጌ ቧንቧዎች ውስጥ ያለው እርሳስ ወደ መጠጥ ውኃው እንዳይሟሟ መከላከል ነው። ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚጨመረው ፎስፌት በተለምዶ በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም ሲሆን ለሰው ምንም አያደርግም፤ ለኮራል ግን ከሚፈለገው በብዙ እጥፍ የበለጠ ነው። ከዚያው ተቋም ውኃ የምታገኘው አርሊንግተንም ያው ናት። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ውኃው እንደ ሰፈሩና እንደ ወቅቱ ከግድብ ወይም ከጉድጓድ ስለሚመጣ የዛሬው ልኬት ለሚቀጥለው ወር ማረጋገጫ አይሆንም። መፍትሔው በሁለቱም ቦታ አንድ ነው፦ ውኃውን በሪቨርስ ኦስሞሲስ አጣርቶ፣ ከዚያ በአዮን መለዋወጫ ሬዚን አሳልፎ መጠቀም። የውኃ ለውጥ እያደረጉ ፎስፌቱ ካልወረደ ወይም ጭራሽ ከጨመረ፣ ገንዳውን ትተው አዲስ የበጠበጡትን የጨው ውኃ ይለኩ። የተጣራ ውኃ ማግኘት ያልቻለ ሰው በጨው ውኃ ኮራል ባይጀምር ይሻለዋል፤ ማጣሪያ ቅንጣት ይህን ጉድለት በየሳምንቱ መሸፈን አይችልም።

ሦስተኛው ድንጋዩ ነው፤ ብዙዎችን የሚያሳስተውም እሱ ነው። የሪፍ ድንጋይና አሸዋ ካልሲየም ካርቦኔት ናቸው፤ ካልሲየም ካርቦኔት በባሕር ውኃ ውስጥ ፎስፌትን እንደሚይዝ፣ ከዚያም መልሶ እንደሚለቅ የማያሚ ዩኒቨርሲቲው ፍራንክ ሚለሮና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 በላቦራቶሪ ለክተው አሳይተዋል። ለሁለት ዓመት በከፍተኛ ፎስፌት የኖረ ድንጋይ ቅቤ እንደከረመበት ቅል ነው፤ ውኃውን ቢለውጡለትም ሽታው ይመለሳል። ማጣሪያው ሰኞ ቁጥሩን ከ0.25 ወደ 0.1 አውርዶት ሐሙስ 0.2 ሆኖ ቢያገኙት ቅንጣቱ ሐሰተኛ አይደለም፣ መለኪያዋም አልተሳሳተችም፤ ድንጋዩ ዕዳውን እየከፈለ ነው። በዚህ ጊዜ መጠኑን በእጥፍ መጨመር ያጓጓል፤ አይጨምሩ። ድንጋዩ ቀስ እያለ ይለቃል፣ ትንሽ ማጣሪያ ቀስ እያለ ይይዛል፤ ከሳምንታት እስከ ወራት ሊፈጅ ይችላል።

አሁን ማጣሪያውን እንምረጥ። በገበያ ላይ በዋናነት ሁለት ዓይነት ቅንጣት አለ፤ ቡናማውና ነጩ። ቡናማው የብረት ኦክሳይድ ወይም ሃይድሮክሳይድ ሲሆን ሮዋፎስና ፎስባን የታወቁ ስሞች ናቸው። ነጩ፣ እንደ ሲኬም ፎስጋርድ ያለው፣ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ኳሶች ነው። ሁለቱም ፎስፌትን የሚይዙት በገጻቸው ላይ ካለው የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ቡድን ጋር በመለዋወጥ ነው፤ ፎስፌቱ ከብረቱ ወይም ከአሉሚኒየሙ ጋር በቀጥታ ይተሳሰራል፣ ለዚህም ነው በንጹሕ ውኃ ቢታጠብ የማይለቀው። ነጩን በከረጢት አድርጎ ማስቀመጥ ቀላል ስለሆነ ለጥቂት ቀን ሥራ ይመቻል፤ ነገር ግን እርስ በርሱ እንዲፋተግ መደረግ የለበትም፤ አንዳንድ ለስላሳ ኮራሎችም እሱ ባለበት ሲኮማተሩ ባለ ገንዳዎች ያያሉ። ለረጅም ጊዜ ሥራ ቡናማውን እመርጣለሁ። ላንታነም ክሎራይድ የተባለ ፈሳሽም አለ፤ ፎስፌቱን ወዲያው ወደ ዝቃጭ ይለውጠዋል፤ ዝቃጩ በጣም ረቂቅ በሆነ ጨርቅ ካልተያዘ ግን የዓሦችን ስንጥብ ሊጎዳ ስለሚችል ለጀማሪ አይሆንም።

እንግዲህ ቀይ አፈሩ ያው ብረት ከሆነ፣ ከቢታ ገነት አንድ ከረጢት አፈር አምጥቶ ገንዘቡን ማትረፍ ለምን አይቻልም? ጥያቄው የሞኝ አይደለም። ብረት የበዛበት አፈር ፎስፌትንም ሆነ ፍሎራይድን ከውኃ ለመያዝ በተለያዩ አገሮች ተሞክሯል፣ ይሠራልም። ለኮራል ገንዳ ግን አይሆንም። የአፈሩ ሸክላ ውኃውን ያደፈርሳል፤ መዳብና ሌሎች ብረቶችንም ሊያስገባ ይችላል፣ መዳብ ደግሞ በጥቂቱም ቢሆን ለኮራልና ለሽሪምፕ መርዝ ነው። ከሁሉ በላይ የአሲድነቱ ልዩነት አለ። የብረት ኦክሳይድ ፎስፌትን አጥብቆ የሚይዘው በአሲዳማ አካባቢ ነው፤ በካፋ ማሳ ላይ ኖራ ሲበተን ፎስፈረሱ ለሰብሉ የሚቀርበውም በከፊል በዚህ የተነሣ ነው። የባሕር ውኃ ፒኤች 8.1 ገደማ ስለሆነ የብረቱ አቅም ከማሳው ያነሰ ነው፤ ፋብሪካው ይህን የሚያካክሰው በአንድ ግራም ውስጥ ከመቶ ካሬ ሜትር በላይ ገጽ ያለው ቀዳዳማ ቅንጣት በመሥራት ነው። ሌላም ተመሳሳይ ሐሳብ አለ፣ ይልቁን አደገኛ። በስምጥ ሸለቆ መንደሮች ፍሎራይድን ከመጠጥ ውኃ ለማውጣት የተቃጠለ አጥንት ከሰል በማጣሪያነት ሠርቷል። አጥንት ግን ራሱ ካልሲየም ፎስፌት ነው፤ ኮራል ገንዳ ውስጥ ከገባ መቀነስ የሚገባውን ነገር የሚጨምር ይሆናል።

ከቀይ አፈሩ ሌላም የምንማረው አለ። በካፋ ቤቶች ጓሮ ያለው የእንሰት መሬት፣ የከብት ፍግና የቤት ጥራጊ ለዓመታት ስለገባበት፣ ከራቅ ካለው ማሳ የተሻለ ለም ሆኖ ይኖራል። ፍጉ ራሱ ከሚያመጣው ፎስፈረስ ሌላ፣ ብስባሹ በብረቱ ገጽ ላይ ቀድሞ ቦታ እየያዘ ፎስፌቱን ያስመልጠዋል። ለገበሬው በረከት ነው፤ ለገንዳ ባለቤት ግን ኪሳራ። ገንዳው ውስጥ ያለው የሟሟ ቆሻሻ፣ ውኃውን ቢጫ የሚያደርገው ያ ነገር፣ ውድ የሆነውን ቅንጣት በከንቱ ይሸፍነዋል። ስለዚህ ቅንጣቱን ከማስገባትዎ በፊት ስኪመሩን ያጽዱ፣ የሜካኒካል ማጣሪያውን ጨርቅ ይለውጡ፣ ለጥቂት ቀናት ጥሩ አክቲቬትድ ካርቦን ያስገቡ። ካርቦኑ ራሱ ፎስፌት የማይለቅ መሆኑን ለማወቅ ጥቂቱን በተጣራ ውኃ ዘፍዝፈው በማግስቱ ውኃውን ይለኩ።

መጠኑን በስሌት እንየው። 200 ሊትር ገንዳ ከ0.25 ወደ 0.1 እንዲወርድ ከውኃው መውጣት ያለበት ፎስፌት 30 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ ከላይ እንዳየነው የአንድ ግራም ምግብ ያህል። በዕቃው ላይ የተጻፈው ሙሉ መጠን ይህን በጥቂት ቀን፣ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ ይጨርሰዋል፤ ከዚያም ወደ ዜሮ መውረዱን ይቀጥላል። እኔ የምመክረው በዕቃው ላይ ከተጻፈው ሩቡን ይዞ መጀመር ነው። የሚፈለገውም ፍጥነት በሳምንት ካለው ቁጥር ከሲሶ ያልበለጠ ቢወርድ ነው፦ 0.25 በመጀመሪያው ሳምንት 0.17 ላይ ቢያርፍ ይበቃል። ቅንጣቱን መዝነው በንጹሕ ባልዲ ውስጥ በተጣራ ውኃ ያለቅልቁት፤ የዝገት ቀለም ያለውን ውኃ ደጋግመው ይድፉ፣ ውኃው ጥርት እስኪል። በእጅ አይሹት፤ በተሸሸ ቁጥር ዱቄት ይሆናል። ሪአክተር (ውኃ በፓምፕ እየተገፋ በቅንጣቱ መካከል የሚያልፍበት ዕቃ) ካለዎት ውኃው ከታች ወደ ላይ እንዲያልፍ አድርገው፣ የቅንጣቱ የላይኛው ገጽ ብቻ በስሱ እንዲንቀሳቀስ ፍሰቱን ያስተካክሉ፤ የሚፈላ ውኃ ከመሰለ በዝቷል። ሪአክተር ከሌለ በረቂቅ መረብ ከረጢት አድርገው ውኃ በደንብ በሚያልፍበት የሰምፕ (ማጣሪያዎቹ የሚቀመጡበት ተጨማሪ ገንዳ) ክፍል ውስጥ፣ ከሜካኒካል ማጣሪያው በኋላ ያስቀምጡትና እንዳይጋገር በየሁለት ቀኑ ከረጢቱን ያወዛውዙት። ከሪአክተሩ መጀመሪያ የሚወጣውን ጥቂት ሊትር ወደ ባልዲ እንጂ ወደ ገንዳው አይልቀቁት።

በዚሁ ሳምንት አልካሊኒቲውንም (ውኃው አሲድን የመቋቋም አቅሙን) በየሁለት ቀኑ ይለኩ። የብረት ቅንጣት አልካሊኒቲን ዝቅ ያደርጋል፤ በገጹ ላይ ካልሲየም ካርቦኔት እየተቀመጠ እንደ ሲሚንቶ የሚጋገርበትም ጊዜ አለ። በሌላ በኩል አልካሊኒቲው ከፍ ብሎ ፎስፌቱ በድንገት ሲወርድ፣ በተለይ ቅርንጫፍ ያላቸው ጠንካራ ኮራሎች ጫፋቸው ነጥቶ ሥጋቸው ይላጣል። ከ7 እስከ 9 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ አሃድ) ባለው ክልል ውስጥ አጽንቶ መያዝ ከሁለቱም ያድናል። የጫፍ መንጣት ካዩ ማጣሪያውን ወዲያው ያውጡ፣ ቁጥሩ ገና ከፍ ያለ ቢሆንም።

ቅንጣቱ መቼ ይለወጥ? «በየወሩ» የሚለው የተለመደ መልስ ግምት ነው። ማጣሪያ ሲሞላ ውኃው ቀለሙን አይለውጥም፣ ፍሰቱም አይቀንስም። የስምጥ ሸለቆው የፍሎራይድ ማጣሪያም ያለበት ችግር ይኸው ነው፦ አጥንቱ ሲሞላ ከቧንቧው የሚወርደው ውኃ ያው ጥርት ያለ ውኃ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከሚመክረው 1.5 ሚሊግራም ማለፉን የሚያውቀው የለካ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ በሳምንት አንድ ጊዜ ሁለት ናሙና ይውሰዱ፤ አንዱን ከገንዳው፣ አንዱን ከሪአክተሩ መውጫ። የመውጫው ቁጥር በግልጽ ካነሰ ቅንጣቱ እየሠራ ነው። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ጠግቧል፤ ያኔ በሩቡ መጠን ይተኩት። በስድስት ቀንም ሊጠግብ ይችላል፣ በስድስት ሳምንትም።

ልምድ ያለው አንባቢ እዚህ ላይ የሚያነሣው ተቃውሞ አለ። በ0.3 እና ከዚያም በላይ የሚያማምሩ ገንዳዎች አሉ፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? እውነት ነው፣ አሉ። ዋን ትሪ ደሴት ላይ የተለካው የአጽም ግንባታ ፍጥነት እንጂ የኮራል ሞት እንዳልነበረ ማስታወስም ተገቢ ነው። እነዚያ ገንዳዎች ቁጥራቸው ለወራት የጸና፣ ናይትሬታቸውም አብሮ ያለ፣ አልጌ የሚበሉ ዓሦችና ቀንድ አውጣዎች የሞሉባቸው ናቸው። ይህ እንግዲህ ክርክሬን አያፈርስም፤ እንዲያውም ቁጥሩን በችኮላ ከመጣል ጸንቶ መቆየት ይሻላል የሚለውን ያጠነክረዋል። ገንዳዎ በ0.3 ጸንቶ እያማረ ከሆነ አይንኩት። እኔ ጣልቃ መግባት የምመክረው አልጌው ሲያሸንፍ፣ የኮራሉ ዕድገት ሲቆም ወይም ቁጥሩ በየሳምንቱ ሲወጣ ነው። ሌሎች ደግሞ ማጣሪያውን ጨርሶ ትተው ኬቶ በሚባለው አልጌ ብቻ መሥራት ይመርጣሉ፤ በሰምፑ ውስጥ መብራት ተደርጎለት የሚያድግ፣ እየታጨደ የሚጣል አልጌ ነው። ቦታና መብራት ላለው ሰው ይህ ከብረቱ የተሻለ ነው እላለሁ፤ አልጌው ናይትሮጅንንም አብሮ ስለሚወስድ አንዱ ጠፍቶ ሌላው አይቀርም። ብረቱ ግን ፎስፌትን ብቻ እየለየ ስለሚያወጣ፣ የሳውዝሃምፕተኑ ጥናት ያስጠነቀቀበትን መዛባት ለመፍጠር ቅርብ ነው። ፎስፌት ከ0.03 በታች ወርዶ ናይትሬት ከፍ ብሎ ከቀረ ማጣሪያውን ማውጣት ይገባል እንጂ መቀነስ አይበቃም። በተለይ ሁለቱም ወደ ዜሮ በወረዱባቸው ገንዳዎች ዳይኖፍላጀሌት የሚባል ቡናማ ዝልግልግ ተባይ ሲስፋፋ ባለ ገንዳዎች ደጋግመው አይተዋል፤ እሱን ማጥፋት ከአልጌው ይብሳል።

የመጨረሻው ጉዳይ መብራት ሲጠፋ ነው፤ ይህ በውጭ በተጻፉ መመሪያዎች ውስጥ እምብዛም አይነሣም። ሪአክተሩ ሲቆም በውስጡ የታሰረው ውኃ ኦክስጅኑን በሰዓታት ውስጥ ሊጨርስ ይችላል። ኦክስጅን በሌለበት ባክቴሪያ ብረቱን ወደሚሟሟ መልኩ ይለውጠዋል፣ ብረቱ ይዞት የነበረው ፎስፌትም አብሮ ይለቀቃል፤ ውኃ የተኛበት ረግረግ አፈር ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። በተጨማሪ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ሊፈጠር ይችላል። ስለዚህ የሪአክተሩን ፓምፕ መብራት ሲመጣ በራሱ ከሚነሣው መስመር ለይተው በእጅ በሚከፈት ማብሪያ ላይ ያድርጉት። መብራቱ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ከጠፋ ችግር የለም። ለግማሽ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ከጠፋ ግን ፓምፑን ከመክፈትዎ በፊት የሪአክተሩን መውጫ ቱቦ ወደ ባልዲ አዙረው በውስጡ ያለውን ውኃ በሙሉ ይድፉ፤ ከሸተተ ቅንጣቱንም አብረው ይጣሉት። ጨው ስላለበት ወደ አትክልት ቦታ አይበትኑት፤ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይሂድ።